ከቦታቸው ተነሥተው የተተከሉ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት

ከድንጋይ የተሠራ ሕንጻ ለልጅ ልጅ የሚደርሰው በራሱ ጽናት ነው። ከእንጨት የተሠራው ግን በየዘመኑ የሚጠብቀው ሰው ካላገኘ ዝናብ ያበሰብሰዋል፥ ነቀዝ ይበላዋል፥ ወይም አንድ ሌሊት ከጧፍ የወደቀ ፍንጣሪ አመድ ያደርገዋል። ስለዚህ ከእንጨት ተሠርቶ ሦስት መቶና አራት መቶ ዓመት የቆየ ቤተ ክርስቲያን በታየ ጊዜ የአናጢውን ብልሃት ከማድነቅ ጋራ፥ ጠባቂው ማን እንደ ነበረና በምን ምክንያት እንደ ጠበቀው መመርመር ይገባል።

በዩክሬን አገር ከዋናው ከተማ ከኪየቭ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ፔሬያስላቭ የምትባለው ከተማ ይህን ነገር ለሚመረምር ሰው የምትመች ስፍራ ናት። ከተማይቱ ጥንታዊት ስትሆን ስሟ በ907 ዓ.ም. ከቍስጥንጥንያ ጋራ በተደረገው ውል ውስጥ ተጠቅሶ ይገኛል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በከተማይቱም ዳርቻ 30 ሄክታር ያህል በሚሆን፥ ወጣ ገባ በሆነና ዛፍ በለበሰ መሬት ላይ በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመ የመንደር ሙዚየም አለ። በዩክሬን ምድር ቤቶችና የኑሮ ዕቃዎች በሜዳ ላይ ከሚታዩባቸው ሙዚየሞች የመጀመሪያው ይህ ነው። ዕቃው በመስተዋት ሣጥን ተቈልፎ በቁጥር ብቻ አይታወቅም፤ ከየመንደሩ ተነሥተው የመጡ ከ100 የሚበልጡ ቤቶች፥ ጐተራዎች፥ የነፋስ ወፍጮዎችና የእጅ ሥራ ቤቶች በመንገድና በአጥር ተያይዘው እንደ አንድ መንደር ቆመዋል። በመካከላቸውም አምስት የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት አሉ።

ጐብኚው በበሩ ገብቶ በጠባቡ መንገድ ሲሄድ በመጀመሪያ የሚያያቸው የገበሬዎቹ ቤቶች ናቸው። ግድግዳቸው በጭቃ ተመርጎ በኖራ ነጽቷል፤ ክዳናቸው ወፍራም የእህል አገዳ ወይም ደንገል ነው፤ ጠርዙም እንደ ባርኔጣ ወደ ታች ወርዶ ግድግዳውን ከዝናብ ይከልላል። ወደ ውስጥ በገቡ ጊዜ የክፍሉን አንድ አራተኛ የሚያህል ትልቅ የጭቃ ምድጃ ይታያል። በዚያ ምድጃ እንጀራቸው ይጋገራል፥ ቤታቸው ይሞቃል፥ ሽማግሌና ሕፃንም በክረምት ሌሊት በላዩ ይተኛሉ። ከምድጃው ትይዩ በሚገኘው ማዕዘን የጌታችንና የእመቤታችን ሥዕሎች ይሰቀላሉ፤ በላያቸውም በቀይ ክር የተጠለፈ ረዥም ነጭ ጨርቅ ይጋረዳል። ይህ ሩሽኒክ የሚባለው ጨርቅ በዩክሬን ሰው ኑሮ ውስጥ ከልደት እስከ ሞት አይለይም፤ እንግዳ ሲመጣ እንጀራና ጨው በእርሱ ላይ ይቀርብለታል፥ ሙሽሮች በእርሱ ላይ ይቆማሉ፥ ሬሳም ወደ መቃብር ሲወርድ ሣጥኑ በእርሱ ተይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ማንም ወደ ቤቱ የገባ ሰው አስቀድሞ ባርኔጣውን አውልቆ ወደዚያ ማዕዘን ሰግዶ ከዚያ በኋላ ባለ ቤቱን ሰላም ይል ነበር።

ነገር ግን የጐብኚው ዓይን ከቤቶቹ ይልቅ ወደ ላይ ይሳባል። ከዛፎቹ በላይ የሚታየው የአብያተ ክርስቲያናቱ ጕልላት ነውና። ከአምስቱ ቀደምት የሆነው ኦስትሪይኪ ከምትባል መንደር የመጣው የፖክሮቫ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሙዚየሙ የተሠራበትን ዘመን 1606 ዓ.ም. ይለዋል። ሌላው የሦስቱ ሊቃውንት፥ ማለት የባስልዮስ፥ የጎርጎርዮስና የዮሐንስ አፈ ወርቅ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፥ ፒሽቺኪ ከምትባል መንደር የመጣ የ1651 ዓ.ም. ሥራ ነው። በ1768 ዓ.ም. የተሠራው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንድሩሺ ከምትባል መንደር መጥቷል። ስለዚህችም መንደር ኋላ ይነገራል። እነዚህ ሁሉ በኮሳኮች ዘመን የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ ኮሳኮች እነማን እንደ ነበሩ ሳይነገር የሕንጻቸው ነገር አይታወቅም።

ኮሳክ የሚለው ቃል ከቱርኮች ቋንቋ የተገኘ ሆኖ፥ ነጻ ሰው፥ ጌታ የሌለው ሰው እንደ ማለት ነው። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ከፖላንድና ከሊትዌንያ መሳፍንት ጭሰኝነት የሸሹ ገበሬዎች በድኔፐር ወንዝ ታችኛ ክፍል፥ ከፏፏቴዎቹ ማዶ በነበረው ጠፍ መሬት ተሰብስበው፥ አለቃቸውን በጉባኤ እየመረጡ በሰይፋቸው የሚኖሩ ጭፍሮች ሆኑ። ዛፖሮዢያ የሚለው ስማቸውም ከፏፏቴው ማዶ ማለት ነው። የኮሳክ ስም ለኢትዮጵያ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በ1898 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ምኒልክ የተላከው የሩሲያ መንግሥት መልእክተኛ አዲስ አበባ የገባው በኮሳክ ፈረሰኞች ታጅቦ ነበርና። ነገር ግን እነዚያ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ዘብ ወታደሮች ነበሩ፤ እነዚህ ግን በራሳቸው ጉባኤ የሚተዳደሩ የድኔፐር ሰዎች ስለ ነበሩ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

በ1596 ዓ.ም. ብሬስት በተባለች ከተማ በተደረገው ጉባኤ በፖላንድ መንግሥት ሥር ከነበሩት የኦርቶዶክስ ጳጳሳት የበዙት ከሮማ ጋራ አንድ ሆኑ። እንቢ ያሉት ምእመናን ግን ጳጳስ አልባ ሆነው ቀሩ፤ አሮጌዎቹ ካህናት ሲሞቱ አዲስ የሚሾም ጠፋ። በዚህ ጊዜ የኮሳኮቹ አለቃ ፔትሮ ሳሃይዳችኒ ከነጭፍራው ሁሉ በኪየቭ ማኅበረ ምእመናን ተመዘገበ፤ በ1620ም ዓ.ም. የኢየሩሳሌም ፓትርያርክ ቴዎፋንስ በዚያ አገር ባለፈ ጊዜ ኮሳኮቹ ጠብቀውት አዲስ ሜትሮፖሊትና ጳጳሳት ሾመ። እንግዲህ በዚያ ዘመን በአንዲት ትንሽ መንደር የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ማቆም ጸሎት ብቻ አልነበረም፤ የመንደሩ ሰው ለማን እንደሚገዛና ለማን እንደማይገዛ በአደባባይ የሚያሳይበት ሥራ ነበረ። የኦስትሪይኪው ሕንጻ የተሠራበት ዓመት ከብሬስት ጉባኤ 10 ዓመት ብቻ ይርቃል። የፒሽቺኪውም የኮሳኮቹ አለቃ ቦህዳን ኽሜልኒትስኪ በፖላንድ ላይ ከተነሣበት ከ1648 ሦስት ዓመት በኋላ፥ በዚያችው በፔሬያስላቭ ከተማ ከሞስኮ ንጉሥ ጋራ ከተዋዋለበት ከ1654 ሦስት ዓመት በፊት፥ ማለት በጦርነቱ መካከል የተሠራ ነው።

ፖክሮቫ የሚባለው በዓል የእመቤታችን መጐናጸፊያ በዓል ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት በቍስጥንጥንያ በብላኬርና ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ጠላትን ፈርቶ ሲጸልይ ሳለ፥ ስለ ክርስቶስ እንደ ሞኝ ይኖር የነበረው ቅዱስ እንድርያስ እመቤታችን መጐናጸፊያዋን በሕዝቡ ላይ ስትዘረጋ አየ ተብሎ ይታመናል። ኮሳኮቹ ሁልጊዜ በሞት አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ይህችን መጐናጸፊያ መጠጊያቸው አደረጓት፤ በዋናው ሰፈራቸውም የነበረው ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ስም የተሰየመ ነበር። ከቀሩትም ሥዕሎች በአንዳንዱ፥ እመቤታችን መጐናጸፊያዋን ዘርግታ ቆማ፥ ከሥሯ ጳጳሳትና ነገሥታት በሚቆሙበት ስፍራ ጺማቸውን የተላጩ፥ ቍንጮና ረዥም ሪዝ ያላቸው ኮሳኮች ተሥለው ይታያሉ። ወንጌል በሚነበብበት ጊዜ ሰይፋቸውን ከአፎቱ እስከ ግማሽ መዝዘው ይሰሙ ነበር የሚል ወሬም አለ።

አሁን ወደ ሕንጻው እንመለስ። በዚያ አገር የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እንደ ቤት ግድግዳ በማገርና በጭቃ አይሠራም። ኦክ የሚባለውን ጽኑ ዛፍ ወይም የጥድ ዓይነት ዛፍ ግንድ በመጥረቢያ ጠርበው፥ አንዱን በሌላው ላይ አጋድመው፥ ጫፍና ጫፉን በማዕዘን ላይ ቈርጠው ያነካክሱታል። ጥርስ ለጥርስ ስለሚያያዝ ለግድግዳው የብረት ምስማር አያስፈልገውም፤ በሚያስፈልግበትም ስፍራ የእንጨት ችንካር ይገባል። ክፍሎቹ በብዛት ሦስት ሆነው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በአንድ መሥመር ይከተላሉ፤ በመጀመሪያ የደጁ ክፍል፥ በመካከል ሕዝቡ የሚቆምበት ሰፊው ክፍል፥ በምሥራቅ መቅደሱ። በየክፍሉ ላይ ጕልላት ሲቆም ባለ ሦስት ጕልላት ይሆናል። የደወሉ ቤት ብዙ ጊዜ ለብቻው በአጠገቡ ይሠራል።

ዋናው ብልሃት ግን በላይኛው ነው። አናጢው አራት ማዕዘኑን ክፍል ወደ ላይ እያወጣ በሄደ ቍጥር ወደ ውስጥ ያዘነብለዋል፥ ማዕዘኖቹንም ቈርጦ ስምንት ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ ቀጥ አድርጎ ያወጣና እንደ ገና ያጠበዋል። በመካከሉ ጣራ ስለ ሌለ፥ በሥሩ የቆመ ሰው ቀና ባለ ጊዜ እስከ ጕልላቱ ጫፍ ድረስ ያያል። ግንዶቹ ወደ ላይ እያነሱ ስለሚሄዱም ዓይን ይታለላል፤ ከውጭ መካከለኛ የሚመስለው ቤት ከውስጥ ሲታይ እጅግ ረዥም ይሆናል። ይህን የሠሩት አናጢዎች በብዛት ስማቸው አይታወቅም፥ በወረቀት ላይ የተነደፈ ፕላንም አልተዉም። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ በእጅ ያለፈ ነው።

የዚህ ዓይነት ሕንጻ ከመፍረስ የዳነበትም ምክንያት ከዚሁ ከአሠራሩ የመጣ ነው። በጥርስ የተያያዘ ግንድ እንደ ተያያዘ ሊፈታ ይችላልና። ቤተ ክርስቲያኑ ከቦታው እንዲነሣ በተፈቀደ ጊዜ አስቀድሞ በልክ ይነደፋል፥ ፎቶግራፍም ይነሣል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ግንድ ቍጥር ይጻፍበታል፤ ከጕልላቱ ጀምሮ ይፈታና በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ በአዲሱ ቦታ ከታች ጀምሮ በቍጥሩ ተራ ይገጠማል። መሬት የነካው የታችኛው ግንድ ብዙ ጊዜ የበሰበሰ ስለ ሆነ በአዲስ ይለወጣል፤ ከትናንሽ ሳንቃ የተሠራው ክዳንም ሁልጊዜ አዲስ ነው። እንግዲህ አንዳንድ ሰው ይህ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ነውን ወይስ አምሳያው ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በመንደሩ ሳለም በየሠላሳውና በየአርባው ዓመት ክዳኑን መለወጥ፥ የበሰበሰውንም ግንድ ማውጣት የምእመናኑ ልማድ ነበር፤ ያልታደሰ የእንጨት ቤት አልኖረም።

ይህን ሁሉ ያሠሩት ሰው አቶ ሚኻይሎ ሲኮርስኪ ይባላሉ። በ1923 ዓ.ም. ተወልደው፥ በ1951 ዓ.ም. የከተማይቱ ሙዚየም ሹም ሆነው፥ ከዚያ ወዲህ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ በዚያው ሥራ ኖረው በ2011 ዓ.ም. ዐረፉ። በእርሳቸው ዘመን በዚያች ትንሽ ከተማ ከ20 የሚበልጡ ሙዚየሞች ተከፈቱ። ሥራቸውን የጀመሩበት ጊዜ ሲታሰብ ነገሩ ያስደንቃል። ከ1959 እስከ 1964 ዓ.ም. ክሩሽቾፍ በሃይማኖት ላይ አዲስ ዘመቻ አስነሥቶ በሶቪየት ኅብረት በሺሕ የሚቈጠሩ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር፤ የተዘጋውም ወይ የእህል ጐተራ ይሆናል፥ ወይ ይፈርሳል። በዚያው ዘመን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፥ የተዘጋውን ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ብሎ ሳይሆን የሕዝብ አናጢነት መታሰቢያ ብሎ በመዝገብ አስገብቶ በመንግሥት ገንዘብ እንዲነሣና እንዲተከል ማድረጉ ትልቅ ጥበብ ነው። የሚዘጋውም የሚጠብቀውም አንዱ መንግሥት ነበረ፤ ልዩነቱ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው።

ለዚህም ጥበብ ዋጋ ተከፍሎበታል። በ1891 ዓ.ም. በቪዩኒሽቼ መንደር የተሠራው የቅድስት ጰራስቅዋ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሙዚየሙ ከገባ በኋላ የጠፈር በረራ ሙዚየም ሆነ። ካህኑ በቆመበት ስፍራ ስለ ሮኬትና ስለ ሰው ሠራሽ ጨረቃ የሚያስረዱ ዕቃዎች ተደረደሩ። ካህናት ይህን በሰሙ ጊዜ ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም፤ ለመሠዊያ የተለየን ስፍራ ለሌላ ነገር ማዋል በቀኖናም በልማድም የሚጐዳ ነውና። ሆኖም ለሶቪየት ሹማምንት በጠፈር ሙዚየም ላይ እጅ ማንሣት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሕንጻውም ቆሞ ቀረ። የጐተራ ዕጣ ከደረሳቸው ከብዙዎቹ መካከል ዛሬ አንድ ግንድ እንኳ አይገኝም። ሁለቱን አነጻጽሮ መፍረድ ለአንባቢው የተተወ ነው።

ቪዩኒሽቼም አንድሩሺም ዛሬ በመሬት ላይ የሉም። በድኔፐር ወንዝ ላይ በካኒቭ ከተማ አጠገብ ለኤሌክትሪክ ኀይል የሚሆን ግድብ ተሠርቶ፥ በ1970ዎቹ ዓመታት ውኃው ሲሞላ ሁለቱ መንደሮች ከሌሎች ብዙ መንደሮች ጋራ ሰጠሙ። የመንደሩ ሰው ቤቱን በእጁ አፍርሶ፥ ዛፉን ቈርጦ፥ የቻለ የአባቶቹን ዐፅም አውጥቶ ወደ ተሰጠው አዲስ ስፍራ ሄደ። አንድሩሺ ውብ መንደር ስለ ነበረች ባለ ቅኔውና ሠዓሊው ታራስ ሼቭቼንኮ በ1845 ዓ.ም. በፔሬያስላቭ ሳለ ወደዚያ ሄዶ ሥሏታል። ዛሬ ከአንድሩሺ የሚታየው ያ ሥዕልና በሙዚየሙ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁሲንትሲ በምትባለው ሌላይቱ የሰጠመች መንደር የነበረው ቤተ ክርስቲያን ግን በግንብ የተሠራ ስለ ነበረ ሊፈታ አልቻለም፤ ሊጫንም አልቻለም። በውኃው መካከል ለብቻው ቆሟል፤ ወደ እርሱ የሚሄድ ሰውም በታንኳ ይሄዳል።

መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ግድብ መሥራቱ አይነቀፍም፤ ብርሃን የማይወድ የለምና። ነገር ግን ግድቡን ያዘዘው መሥሪያ ቤት ስለ ውኃው ልክ ብዙ ወረቀት ሲጽፍ፥ ውኃው ስለሚሸፍነው የአንድ ሙዚየም ሹም ብቻ እየዞረ ይለምን እንደ ነበረ ማሰብ ያሳዝናል። ጊዜ የተገኘላቸው ዳኑ፤ ጊዜ ያልተገኘላቸው ከግድቡ በታች ቀሩ።

የኮሳኮችን ቤተ ክርስቲያን ለማየት የሚወድ ሰው ከፔሬያስላቭ ሌላ ሁለት ስፍራዎችን ቢያነጻጽር ይጠቀማል። አንደኛው በሳማር ከተማ ያለው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያኪም ፖሕሬብንያክ የተባለው አናጢ በ1775 ጀምሮ በ1778 ዓ.ም. የጨረሰው ሲሆን ዘጠኝ ጕልላት አለው። ሥራው በተጀመረበት ዓመት ንግሥት ካትሪን 2ኛ ጦር ልካ የዛፖሮዢያን ኮሳኮች ሰፈር አፈረሰች፥ የመጨረሻውንም አለቃቸውን ፔትሮ ካልኒሼቭስኪን በነጭ ባሕር በሶሎቬትስኪ ገዳም ከ20 ዓመት በላይ አሰረችው። ያዘዙት ጭፍሮች ከተበተኑ በኋላ አናጢው ጕልላቱን ፈጸመ። ያ ሕንጻ እስከ ዛሬ ከቦታው ሳይለቅ ቆሟል፤ ለኦሌስ ሆንቻር ልብ ወለድ መጽሐፍም መነሻ ሆኗል። ሁለተኛው በድኔፐር ወንዝ መካከል በኾርቲትሲያ ደሴት ላይ ያለው የኮሳኮች ምሽግ ነው። ይህ በ2000ዎቹ ዓመታት በአዲስ እንጨት የተሠራ አምሳያ ነው፤ በውስጡም የፖክሮቫ ቤተ ክርስቲያን አለ። ለተማሪዎች ትምህርት ይሆናል፥ ለዓይንም ያምራል። ነገር ግን በኦስትሪይኪው ግንድ ላይ ያለው የመጥረቢያ ምልት በዚያ አይገኝም፤ ያንን የሠራ እጅ የፈራውንና ተስፋ ያደረገውን ነገር አዲሱ ሳንቃ አያውቀውም። አምሳያ መሥራት የሚገባው ዋናው ከጠፋ በኋላ ነው። ዋናው ሳለ ገንዘቡን በአምሳያ ላይ የሚያፈስ ሹም ቢኖር ግን ሊጠየቅ ይገባል።

በየካቲት 2022 የሩሲያ ጦር ወደ ዩክሬን ከገባ ወዲህ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ነገር እንደ ገና አስጨናቂ ሆኗል። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በኪየቭ አውራጃ በሉክያኒቭካ መንደር የነበረው የ19ኛው መቶ ዓመት የዕርገት ቤተ ክርስቲያን፥ በዢቶሚር አውራጃም በቪያዚቭካ መንደር በ1862 ዓ.ም. የተሠራው የእመቤታችን ልደት ቤተ ክርስቲያን በጦርነቱ ወደሙ። በሰኔም ወር በስቪያቶሂርስክ ገዳም የነበረው የቅዱሳን ሁሉ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። ግንብ በመድፍ ቢመታ ግማሹ ይቀራል፤ እንጨት ግን ነበልባል ከነካው በጥቂት ሰዓት የመቶ ዓመቱ ሥራ ያልቃል። ከዚህ የተነሣ በዩክሬን የሚገኙ የቅርስ ሠራተኞች የቀሩትን አብያተ ክርስቲያናት በልክ መንደፍን፥ በፎቶግራፍ መሣሪያም ከየማዕዘኑ ቀርጾ ማስቀመጥን አጥብቀው ይዘዋል። ሕንጻው ቢጠፋ ልኩ እንዳይጠፋ ማለት ነው።

በፔሬያስላቭ ያሉት አምስቱ ግን ይህ ልካቸው በሚነሡበት ጊዜ የተወሰደ ስለ ሆነ በዚህ በኩል ከሌሎቹ ይሻላሉ። በቀረው በኩል እንደ ማንኛውም የእንጨት ቤት ናቸው። በየበልጉ በረዶው ሲቀልጥ የክዳኑ ሳንቃ ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሠራተኛው መሰላል ተክሎ ወጥቶ የተሰነጠቀውን ነቅሎ በአዲስ ይተካል።